በእጅ የተቀባ ሳህን፣ የሸክላ ወጭት ወይስ ሜላሚን? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት የመምረጫና የአያያዝ መመሪያ

እህቴ ከአምስት ዓመት በፊት ከጅዳ ስትመለስ አሥራ ሁለት ሳህን ይዛ መጣች። መደቡ ነጭ፣ መሀሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ፣ ጠርዙን ቀጭን የወርቅ መስመር የሚዞረው። ስድስቱን ለእኔ ደሴ፣ ስድስቱን ለእናታችን ኮምቦልቻ አካፈለችን። ባለፈው እንቁጣጣሽ እናቴ ዘንድ ወርጄ ስበላ ዓይኔ ሳህኑ ላይ ቀረ። አበባው ከካርቶኑ እንደወጣበት ቀን ነው። የእኔዎቹ ላይ ጽጌረዳው ከቅጠሉ እስከማይለይ ገርጥቷል፤ ወርቁ ከአራቱ ላይ ጠፍቷል፤ አንዱ ደግሞ በአንድ የኅዳር ጠዋት ለሁለት ተከፍሎ ተጥሏል። ፋብሪካው አንድ፣ ዕድሜው አንድ ነው። የተለያየው የሁለታችን እጅ ነበር።

«እማዬ፣ በምንድን ነው የምታጥቢው?» አልኳት።

«በእጄ ነዋ! ለብ ባለ ውሃ፣ ሳፋ ውስጥ። እንደ ልጅ ገላ ነው የማጥበው።»

እኔ በሽቦ መፈተጊያና በዱቄት ሳሙና ነበር የማጥበው።

አሁን የአጎቴ ልጅ ጥር ላይ ልታገባ ነው። «ለቤቴ የቱን ልግዛ? አበባ የተቀባውን ነው፣ የሸክላውን ነው ወይስ የማይሰበረውን?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ጻፍኩላት። የጻፍኩላት ለሌላውም ቤት ስለሚጠቅም እዚህ አስፍቼ አቀርበዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ቀለሙ የት ላይ ነው ያለው?

ሰው ሳህን ሲገዛ ዋጋውን ይጠይቃል፤ አበባውን ያያል። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ነው። አስተጣጠቡም፣ ዕድሜውም፣ ለልጅ መስጠት መቻል አለመቻሉም በዚህ ይወሰናል።

ጭቃ በእሳት ሲበስል ሸክላ ይሆናል። ሸክላ ብቻውን ውሃ ይጠጣል። ሳህን የሚያብለጨልጨውና ውሃ የማይጠጣው ላዩ ላይ በእሳት የቀለጠ ስስ የመስታወት ሽፋን ስላለው ነው፤ ሙያተኞቹ ግሌዝ ይሉታል። ሠዓሊው ቀለሙን መጀመሪያ ጭቃው ላይ ቀብቶ ግሌዙን ከላይ ካፈሰሰበት፣ ሥዕሉ ከመስታወት ሥር እንዳለ ፎቶግራፍ ይሆናል። ማንኪያም ሳሙናም በቀላሉ አይደርስበትም። ይህን «ከሽፋን በታች» የተቀባ እንበለው። ሌላው መንገድ ሳህኑ ተሸፍኖና ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ቀለሙን ከላይ መቀባትና እንደገና ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት መተኮስ ነው። ግሌዙ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚቀልጠው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በዚያ ሙቀት ቀለሙ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል እንጂ ወደ ውስጥ ሰምጦ አይገባም። ይህ «ከሽፋን በላይ» የተቀባ ነው። የእህቴ ጽጌረዳ እንዲህ ያለው ነበር።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሳህኑን ወደ መስኮት ወስዳችሁ አጋድማችሁ ያዙት። ብርሃኑ ከነጩ መደብ ወደ አበባው ሲሻገር ሳይቋረጥ እንደ አንድ ውሃ ካለፈ ቀለሙ ከታች ነው። አበባው ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ከደበዘዘ ወይም የተለየ አንጸባራቂነት ካሳየ ከላይ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ ጫፍ ዳብሱት፤ የአበባው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ያው ከላይ ነው። ወርቅ ካለበት መፈተንም አያስፈልግም፤ የወርቅ ቅብ ምንጊዜም ከሽፋን በላይ ነው።

ቀለሙ ራሱም ፍንጭ ይሰጣል። ሰማያዊ በነጭ የሆነ ዕቃ በዓለም ላይ የበዛው፣ ሰማያዊውን የሚሰጠው ኮባልት ከፍተኛውን የግሌዝ ሙቀት ስለሚችል ነው። በቻይናም በቱርክ ኢዝኒክም ሠዓሊዎች ከሽፋን በታች ሲቀቡበት ለዘመናት ኖረዋል። ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ግን ያንን ሙቀት መቻል ስለሚከብዳቸው ብዙ ጊዜ ከላይ ይቀባሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ጣታችሁን ከቀለሙ በላይ እመኑ።

አንድ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ጨርሶ እሳት ያልነካው ቀለም። ጀበና፣ ጣባና ትንንሽ እንስራ በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ ተቀብተው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተሰምሮባቸው ለስጦታ ይሸጣሉ። ያምራሉ። ነገር ግን ያ ቀለም ለግድግዳና ለበር የሚቀባው ዓይነት ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል፣ ከሰል ላይ ሲጣድ ይጨሳል፣ ይሸታል። መደርደሪያ ላይ ለዓይን ይቀመጥ። ቡና አታፍሉበት፤ ምግብ አታቅርቡበት።

በእጅ የተቀባ ነው ወይስ የታተመ?

ለአያያዝ ልዩነት የለውም፤ ለኪስ ግን አለው። በደሴ አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ «አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም የእጅ ሥራ ነው» ብሎኝ ሁለት ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ያለችው ትንሽ እጥፋት በሁለቱም ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ነበረች። ሰው ሁለት ጊዜ ያንኑ እጥፋት አይስልም። ያ በወረቀት ታትሞ የሚለጠፍ፣ ዲካል የሚባለው ነው። እሱም ተገርሞ ደጋግሞ አየው፤ የነገሩትን ነበር የነገረኝ።

በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት የታተመው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። የእጁ ላይ ብሩሹ ሲነሳ የሚቀጥነው፣ ሲያርፍ የሚወፍረው ጭረት ይታያል፤ ቀለሙም አንድ ቦታ ጠቆር፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ይላል። መሀል ላይ ያለም አለ፦ የዳር መስመሩ ታትሞ ውስጡ በእጅ የሚሞላ። ለእጅ ሥራ የተጠየቀውን ዋጋ የምትከፍሉት ይህን አይታችሁ ይሁን።

የሸክላው ወገን፦ ወጭት፣ ጣባ፣ ጀበና

የእኛው አገር ሸክላ ከሳህኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ግሌዝ የለውም፤ የሚበስለውም በሜዳ እሳት ስለሆነ ሰውነቱ ባለ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ያ ጉድለቱ አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር የሚያቦኩት በእሳት ላይ ሲሰፋና ሲጠብ እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ስንጥቁን ባለበት ያስቆሙታል። የሸክላ ድስት ከሰል ላይ ሰዓታት የሚችለው ለዚህ ነው። የሚያብለጨልጨውን ሳህን ከሰል ላይ ብታስቀምጡት ግን ሲፈነዳ ትሰማላችሁ።

ሽሮ እየተንተከተከ እንዲቀርብ ከፈለጋችሁ ከወጭት የሚበልጥ የለም። ሙቀት ይይዛል፤ የመጨረሻው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይሞቃል። ለደሴ ማታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወጥ ለማሳደር ግን ሸክላውን አልመክርም። ይጠጣል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሽታ ይሰበስባል።

ስትገዙ አንኳኩ። ሰኞ ገበያ ላይ አንዲት እናት ጀበናውን በእጄ ሰጥተውኝ «አንኳኪው ልጄ። ከጮኸ ውሰጂው፤ ደፍ ካለ ተይው፤ ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ አለ» አሉኝ። ሻጭ ሆነው እንዲህ ማለታቸውን አልረሳውም። ዘዴውን ለሸክላም ለሳህንም እጠቀምበታለሁ፤ የሚያብለጨልጨውም ሳህን በጣት ሲመታ እንደ ደወል የማይጮህ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል።

አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ አይጣድም። ጀበና ከሆነ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ የቡና አተላ ከውሃ ጋር ጨምራችሁ በዝግታ አፍሉና ድፉት። ሁለት ሦስቴ ደጋግሙት፤ የጭቃው ጣዕም እስኪጠፋ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ድስትና ወጭትም ሞቅ ተደርጎ ውስጡ በዘይት ወይም በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል። ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ይሞላል።

ሳሙና ሸክላ ውስጥ አይግባ። በዚህ ላይ እናቶቻችን ልክ ናቸው። ቀዳዳው ሳሙናውን ይጠጣና ሲሞቅ መልሶ ይተፋዋል፤ ቡናው ላርጎ ላርጎ ይላል። ሙቅ ውሃ፣ ለስላሳ መፈተጊያ፣ ለከረረ ቅባት ጥቂት የተነፋ አመድ ይበቃል። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ የሚዘጋጀውም ሳሙና ሳይነካው ነው።

ሜላሚንና ኢናሜል

ባጭሩ ልለፈው። ሜላሚን፣ ገበያው «የማይሰበር» የሚለው፣ ፕላስቲክ ነው። ለሕፃናትና ሰው ለሚበዛበት ሰደቃ ይመቻል። ነገር ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ የሚፈላና ኮምጣጣ ወጥም ሲቆይበት ኬሚካሉ ወደ ምግቡ ይወጣል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይብሳል። ላዩ ከተፋፋቀ ይለወጥ። የብረቱ ኢናሜል ሳህን ከዚህ ይሻላል እላለሁ፤ ሲወድቅ የሚፈረፈረው ሽፋኑ ነው፤ ውስጡ ተፈርፍሮ ብረቱ ከታየ ግን ለምግብ መዋሉ ይቁም።

እርሳስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የጤና ነውና።

የሴራሚክ ሠሪዎች በግሌዝና በቀለም ውስጥ እርሳስን (መጻፊያውን ሳይሆን ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት) ለዘመናት ሲጠቀሙ የኖሩት ሽፋኑን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚያቀልጠውና መስታወት የመሰለ ብርሃን ስለሚሰጠው ነው። ደማቁ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ደግሞ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በትክክለኛ ሙቀት የተተኮሰ ሽፋን እርሳሱን ቆልፎ ይይዘዋል። በወጉ ያልተተኮሰው ግን ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። በይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናትና በማህፀን ያሉ ልጆች ናቸው፤ የሚነካው አእምሯቸውን ነው።

ቤተ ሙከራዎች ሳህን ሲፈትሹ 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለበት ውሃ ሞልተው በ22 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያቆዩትና ምን ያህል እርሳስና ካድሚየም እንደወጣ ይለካሉ። 4 በመቶ ማለት ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው አቼቶ ማለት ይቻላል። አሁን የእኛን ማዕድ አስቡት። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ነው። ስልስ ቲማቲም ነው። ሰላጣው ላይ ሎሚና አቼቶ አለ። እርጎና አይብም አሉ። የውጭ አገር ሰው ድንችና ሩዝ የሚያቀርብበት ሳህን እኛ ቤት ሲገባ ሥራው ይከብዳል።

ስለዚህ የምለየው እንዲህ ነው። መብላትና ማሳደር አንድ አይደሉም። ግማሽ ሰዓት የሚበላበት ሳህን ላይ እንጀራ ቢነጠፍበት ያን ያህል አልሰጋም፤ ስልሱን ግን እዚያው ላይ ሸፍኜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አላሳድርም። ለማሳደር መስታወት ይሁን። ከሽፋን በላይ ቀለም ያለው ዕቃ ላይ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነና መሀሉ ነጭ ከሆነ ከመሀሉ አበባ ካለበት እመርጠዋለሁ፤ ምግቡ የሚያርፈው መሀል ላይ ነውና። በስኒ ላይ ደግሞ ቀለሙ ከአፉ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ የሚጀምረውን ምረጡ፤ ከንፈር የሚነካው ቦታ ንጹሕ ይሁን። ለሕፃናት በውስጥ በኩል ምንም ቀለም የሌለበት ነጭ ሳህን ስጡ። ምንጩ ያልታወቀ፣ አሮጌ፣ በውርስ የመጣ ባለ ደማቅ ቀለም ሳህን ካላችሁ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ክብሩ አይቀንስበትም።

ቤት ውስጥ በአቼቶ መሞከር ይቻላል? በከፊል። አንድ ጠብታ አቼቶ ቀለሙ ላይ አሳድራችሁ ጠዋት ስትጠርጉት ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ጨርቁን ካቀለመ ሳህኑን ለምግብ አታውሉት። ካልደበዘዘ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እርሳስ ቀለሙ ሳይለወጥም ይወጣል። በተረፈ «ለምግብ የሚሆን» ተብሎ ከጀርባው የተጻፈበትን ግዙ፤ «ለጌጥ ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ በቁም ነገር ውሰዱት።

እጥበት፦ የእኔና የእናቴ ዘዴ ሲነጻጸር

የሽቦ መፈተጊያ ግሌዙን በዓይን በማይታይ ጭረት ይሞላዋል። ጭረቱ ውስጥ ቅባትና እርድ ይገባል፤ ሳህኑ አልነጻም ብዬ አጥብቄ እፈትጋለሁ፤ ጭረቱ ይበዛል። ከሽፋን በላይ ያለው ቀለምማ ወዲያው ይላጣል። ዱቄት ሳሙና ለልብስ የተሠራ ነው፤ አልካሊነቱ የመስታወቱን ገጽ ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ያልሟሙት ቅንጣቶቹም ይፍቃሉ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ዱቄት በዚህ ረገድ ይብሳል፤ ማሽን ያላችሁ ባለ ወርቁን አታስገቡበት። በረኪና ደግሞ ወርቁን ያጠቁረዋል፤ ሽፋኑ ውስጥ ስንጥቅ ካለም ሰርጎ ይገባና ሽታው አይለቅም።

እናቴ የምታደርገው ይህ ነው። ምግቡ ሳይደርቅ ቶሎ ታነሳለች። የፕላስቲክ ሳፋ ታች ላይ ያረጀ ፎጣ ታነጥፋለች፤ ሳህን ከሳህን፣ ሳህን ከብረት አይጋጭም። ውሃው እጅ የሚችለው ያህል ብቻ ለብ ያለ ነው። ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ፣ ለስላሳ ስፖንጅ። አንድ አንድ እያደረገች ታጥባለች፤ ክምር አትዘፈዝፍም። ይህ የመጨረሻው ለምን እንደሚጠቅም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሳህኑን ገልብጣችሁ ስታዩ የሚቆምበት ቀለበት ግሌዝ የለውም፤ ሲዘፈዘፍ ውሃ በዚያ በኩል ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ሳህን ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲገባ የጠጣው ውሃ ይፈላና ሳህኑን ያሰነጥቀዋል። ባለ ወርቁ ደግሞ ደርቆም ቢሆን አይገባም፤ ብልጭታ ያወጣል።

ቀለበቷ ጣቷ ላይ ካለ አውልቃ ነው የምታጥበው። መጀመሪያ የሳህኑን ወርቅ ለመጠበቅ አልመሰለኝም ነበር፤ የራሷን ቀለበት ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር።

ደሴ ላይና ኮምቦልቻ ላይ አንድ አይደለም

በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ለዕቃ ግን ሁለት አገር ናቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ። ይህ ራሱ ልዩነቱ ኢምንት ነው። የሚጎዳው የጠዋቱ ሳህን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን መደርደሪያ ላይ ያደረ የደሴ ሳህን ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። እኔ ያንን ሳህን አንስቼ ከምድጃ የወረደ የሚንተከተክ ሽሮ ገለበጥኩበት። መሀሉ በድንገት ሰፋ፤ ጠርዙ እንደቀዘቀዘ ቀረ። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ሽሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳህኖቹን ለብ ባለ ውሃ አለቅልቄ አደርቃቸዋለሁ፤ ከዚያ ነው ትኩስ የማቀርበው። ኮምቦልቻ ላይ ይህ እምብዛም አያሳስብም።

ሌላው መድረቅ ነው። በክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ ደሴ ውስጥ ጀበና በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ውታፉ ተደርጎበት ከተቀመጠ ውስጡ ይሻግታል፤ በሚቀጥለው ቀን አቦሉ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ጀበናው ታጥቦ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ይንጠፍጠፍ፤ ከዚያ አፉ ክፍት ሆኖ ማቶቱ ላይ ይቀመጥ፤ ቡናው ሲያልቅ በቀረው ፍም ዳር ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። እርጥብ ሸክላ ግን በቀጥታ ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድ፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ጀበና ግቢ ውስጥ በግማሽ ቀን ይደርቃል፤ የዚያ ችግር አቧራው ነው። ሳህን ከመጠረግ በፊት በውሃ ይለቅለቅ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማሸት አሸዋ እንደመፈተግ ነው።

መደርደርና ማጓጓዝ

ያ ግሌዝ የሌለው የሳህን እግር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ሳህን በሳህን ላይ ስትደረድሩ የላይኛው እግር የታችኛውን አበባ ይፍቃል፤ በተለይ ከመሀል ጎትታችሁ ስታወጡ። በየመሀሉ የነጠላ ወይም የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ አስገቡ። ከስድስት በላይ አትደርድሩ። ስኒ በስኒ ውስጥ አይገባም፤ በጆሮውም አይሰቀል፤ ጆሮው በጭቃ የተጣበቀ ስለሆነ ደካማው ቦታ እሱ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ ሳህኖቹን በካርቶን ውስጥ አታስተኟቸው፤ በጠርዛቸው አቁሟቸው። የተኛ ሳህን መኪናው ሲዘል የላዩን ክብደት ሁሉ በመሀሉ ይቀበላል፤ የቆመ ሳህን ግን በጠርዙ ስለሚሸከም ይችላል። እናቴ በ2014 ዓ.ም. በጥድፊያ ቤቷን ዘግታ ስትወጣ ስድስቱን ሳህን በጋቢ ጠቅልላ በልብስ መሀል ያቆመቻቸው ይህን ማንም ሳይነግራት ነው። ሌላው ዕቃዋ ብዙው ስትመለስ አልነበረም።

ሲቆሽሽ፣ ሲሰነጠቅ

ስኒ ውስጥ የቀረ የቡና ጥላ፣ ሳህን ላይ የአሊቻ ቢጫ፣ ወይም ከማንኪያ የቀሩ ግራጫ መስመሮች በቤኪንግ ሶዳ ይለቃሉ። በትንሽ ውሃ ለጥፋችሁ በጣት አሹት፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ግራጫዎቹ መስመሮች ጭረት ይመስላሉ እንጂ ከማንኪያው የቀረ ብረት ናቸው። ወርቁንና ከላይ የተቀባውን አበባ ግን በሶዳም አታሹ።

በግሌዙ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ ሽፋኑና ጭቃው እኩል አልተሳሳቡም ማለት ነው። ሳህኑ ነገ አይሰበርም፤ ግን ቅባትና ውሃ በዚያ ይገባል፤ እርሳስ ካለበትም መውጫ ያገኛል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ነገር ይቅረብበት። የተሰበረውን በሱፐር ግሉ ብታጣብቁት ለመደርደሪያ እንጂ ለትኩስ ወጥ አይመለስም፤ ሙጫው ሙቀትም አይችልም፣ ለምግብ የተሠራም አይደለም። የተሰበረ ጀበና ገሉ ግን አይጣልም፤ የእጣን ፍም መያዣ ይሆናል።

ለሙሽራዋ ያልኳት

በየቀኑ ለምትበላበት ከሽፋን በታች የተቀባ ሰማያዊ በነጭ ስድስት ሳህን፤ ውድ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አትገዛውም። ለሽሮ ሁለት ወጭት፣ ለቡና አንድ በደንብ የሚጮህ ጀበና፣ ሁለቱም ከሰኞ ገበያ። ስኒዎቹ ጠርዛቸው ላይ ወርቅ የሌለባቸው። ለእንግዳ ብዛት ነጭ ኢናሜል። ባለ ወርቅ ጽጌረዳው ዓይኗን ከያዘው ደግሞ ትግዛው፤ እኔም ወድጄው ነው። ለበዓል ብቻ ታውጣው እንጂ፣ በእጇ ይታጠብ።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ወጥተን ሰማያዊዎቹን ገዛን። ሱቁ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያጋደመች፣ ዓይኗን እየጨፈነች በጣቷ ዳበሰቻቸው። አንዱን መለሰች፤ ሲንኳኳ አልጮኸም ነበር።